የመጀመሪያው እጣቢ

ወርቅአየሁ ሰው ለመናቅ ምክንያት ቸግሯት አያውቅም። የቀበሌውን ሊቀመንበር ጓድ ተሾመን የምትንቀው ጫማው ሲጥ ሲጥ እያለ ከመንገዱ ማዶ ስለሚሰማ ነው፤ ሰውየው ሳይደርስ ጫማው ስብሰባ ይጠራል። የጤና ጣቢያውን ድሬሰር ሠረቀብርሃንን የምትንቀው ሰፈሩ «ዶክተር» ሲለው አንድም ቀን «ኧረ ድሬሰር ነኝ» ብሎ ስለማያውቅ ነው። ጎረቤቶቿን የምትንቀው ሊቀመንበሩን ስለሚፈሩና ድሬሰሩን ስለሚያምኑ ነው። ራሷን ግን አትንቅም ነበር። ቀበና ወንዝ ዳር ባለች ጠባብ ጤና ጣቢያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መርፌ የቀቀለች፣ አንድ ቀን እንኳ አርፍዳ የማታውቅ ሴት ራሷን የምትንቅበት ምን ምክንያት አላት?

ሥራዋ በወረቀት ላይ «ጽዳት» ነው የሚባለው። ጽዳቱንም ትሠራለች፤ ዋናው ግን መርፌው ነው። ጠዋት የላምባ ምድጃዋን ለኩሳ መርፌዎቹን በድስት ትጥዳለች፤ ሰልፉ ሲጀመር ከድሬሰሩ ቀኝ ትቆማለች። «መርፌ!» ሲል መርፌ፣ «ጥጥ!» ሲል ጥጥ ታቀብላለች። አንዱ ተወግቶ ሱሪውን እየታጠቀ ሲወጣ የተወጋበት መርፌ ከሲሪንጁ ተነቅሎ ሳህን ላይ ይጣላል፤ በቦታው እሷ የቀቀለችው ይሰካል። ሲሪንጁ ያው ነው። ጣቢያው ያለው ሁለት የብርጭቆ ሲሪንጅ ብቻ ነበር፤ አንዱ ለፔኒሲሊን፣ አንዱ ለቀረው ሁሉ። ሰልፉ ሲያልቅ ወርቅአየሁ ሲሪንጆቹን ከመቀቀሏ በፊት በነጭ ኩባያ ውኃ ታጥባቸዋለች። የመጀመሪያው እጣቢ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይሆናል፣ ሁለተኛው ይጠራል፣ ሦስተኛው ይጠጣ ቢባል ይጠጣል። ሁሉንም በመስኮት ወደ ጤና አዳሙ ትደፋዋለች። ጤና አዳሙ በዚያ ውኃ አድጎ ቁመቱ ከመስኮቱ እኩል ሆኗል።

ከሰው ሁሉ አብልጣ የምትንቀው ወንድሟን ነገሳን ነበር። አብልጣ የምትወደውም እሱኑ ነው፤ ንቀቷ የመረረው ለዚህ ነው። እናታቸው ስትሞት ነገሳ ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። አዝላ አሳድጋው፣ ለፍታ አስተምራው፣ አሥረኛ ክፍል ስታደርሰው ጦርነት ወሰደው። በሰባ ዓመተ ምሕረት ከምሥራቅ ግንባር ሲመለስ ጭኑ ውስጥ የብረት ስባሪ ነበረ። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ለሕመሙ ፔቲዲን የሚባል ማስታገሻ ወጉት። ብረቱ ወጣ፣ ቁስሉም ጠገገ፤ የፔቲዲኑ አምሮት ግን እንደገባ ቀረ።

የሚወጉት ሦስት ነበሩ። ነገሳ፣ በግንባር አለቃው የነበረው አሥር አለቃ ሂርጳ፣ እና የፔቲዲኑን ብልቃጥ ከየት እንደሆነ ሳይናገር የሚያመጣው ሾፌሩ ዳንኤል። የሚገናኙት ከቀበና ሽቅብ፣ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት፣ ባህር ዛፉ መካከል ባለ አንድ የተወረሰ ቪላ ነው። ጓድ ተሾመ ቆርቆሮውን አስነቅሎ ለቀበሌው ጽሕፈት ቤት አጥር ስላደረገው ጣሪያ የቀረው አንዱ ክፍል ብቻ ነበር። እዚያ ውስጥ ሦስቱ በአንድ መርፌ ይወጉ ነበር። ማዕረግ ማዕረግ ነውና መጀመሪያ አሥር አለቃው፣ ቀጥሎ ነገሳ፣ በመጨረሻ ዳንኤል።

በሰባ ስድስት የሂርጳ ዓይን ቢጫ ሆነ። ሁለት ወር ተኝቶ ተነሳ። በዓመቱ ዳንኤል ቢጫ ሆነ፤ እሱ አልተነሳም። መጋቢት ላይ ቀበሩት። ሰፈሩ «የወፍ በሽታ ነው» አለ፤ የሌሊት ወፍ ሽንቷን ጥላበት ነው ተባለ። ወርቅአየሁ ከቀብር ስትመለስ፣ «ሾፌር እየመረጠች የምትሸና ወፍ!» ብላ ሳቀችባቸው። ሳቁ ግን ከከንፈሯ አላለፈም። ወፍ ካልሆነ ምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ከዚያ ወዲያ እሑድ እሑድ ነገሳ ምሳ ሊበላ ሲመጣ ደጃፍ ላይ ፀሐይ ፊት ታቆመውና የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ትስባለች።

«እትዬ፣ እርቦኛል እኮ።»

«ዝም በል። ወደ ላይ እይ። ... ነጭ ነው። ግባ፣ አንተ ከንቱ!»

እሑድ ነጭ ከሆነ ሳምንቱን ሙሉ በሰላም ትሳደባለች።

ሰኔ ላይ ከበላይ አካል ደብዳቤ መጣ። ማኅተም ያረፈበት ሁለት ገጽ ነው። ሕዝቡ የወፍ በሽታ ስለሚለው የጉበት በሽታ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በተለይ አደንዛዥ ዕፅ በመርፌ የሚወስዱ ሰዎች ተፈልገው እንዲማሩ ያዛል። ሠረቀብርሃን አነበበውና ከወርቅአየሁ ምድጃ በላይ ባለው ምስማር ላይ ሰቀለው። ወርቅአየሁ ማንበብ ትችላለች። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተምራ ያገኘችው የምስክር ወረቀት ቤቷ ግድግዳ ላይ አለ። ነገር ግን ማኅተም ያለው ወረቀት ሁሉ ለእሷ አንድ ነው፤ ወይ መዋጮ ነው ወይ ስብሰባ። «ደግሞ ዛሬ ምን አማራቸው» አለችና ድስቷን ጣደች።

ብዙም ሳይቆይ ጓድ ተሾመ ሲጥ ሲጥ እያለ ደረሰ።

«በእኛ ቀበሌ በመርፌ ዕፅ የሚወስድ ግለሰብ የለም» አለ፣ ገና ሳይቀመጥ። «ቦዘኔ የሚባል ጨርሶ መጥፋቱን አምና ሪፖርት አድርገናል። ዛሬ አለ ብንል ከየት አመጣችሁት ሊሉን ነው?»

«ታዲያ ማንን ላስተምር?» አለ ሠረቀብርሃን።

«ሕዝቡን አስተምር! ሕዝብ ሞልቶ።»

ወርቅአየሁ ጥግ ሆና ወለሉን ትወለውል ነበር። የነገሳ ስም እንዳይነሳ ፈራች፤ ሳይነሳ ሲቀር ደግሞ አንጀቷ ቅጥል አለ። ተሾመ ነገሳን አሳምሮ ያውቀዋል። ባለፈው የአብዮት በዓል «ቁስለኛ ጀግና» ብሎ ከሰልፉ ፊት ያቆመው እሱ ራሱ ነው። ጀግና ሲፈለግ ነገሳ አለ፣ በሽተኛ ሲፈለግ ነገሳ የለም። ጨርቁን እንደ ሰው አንገት ጠምዝዛ ጨመቀችው።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። የሴቶች ማኅበሩ መጣ፣ ጡረተኛው መጣ፣ ያልመጣ ስኳር አይሰጠውም ስለተባለ ሕመምተኛው ሳይቀር በሰው ተደግፎ መጣ። ነገሳንና ሂርጳን የጠራቸው የለም። ወርቅአየሁ ምድጃዋንና ድስቷን ተሸክማ መድረኩ ላይ ቆመች። ሠረቀብርሃን ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደረቱን ነፋ።

«ጓዶች! ይህ በሽታ በወፍ አይመጣም፣ በደም ነው። አንዱ በተወጋበት መርፌ ሌላው ሲወጋ፣ የፊተኛው ደም ወደ ኋለኛው ይገባል። የፊተኛው ድኖ፣ ጤነኛ መስሎ ሲሄድ እንኳ በደሙ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ ለአንድ ሰው አንድ መርፌ! እኛ ጣቢያ እንደምታዩት መርፌ ሳልቀይር ማንንም ወግቼ አላውቅም። ወርቅአየሁ፣ አሳያቸው!»

ወርቅአየሁ ከድስቱ ውስጥ አንድ መርፌ በመቆንጠጫ አንስታ ከፍ አደረገች። አዳራሹ አጨበጨበ። ለመርፌ የሚጨበጨብበት አገር፣ አለች በልቧ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ።

«ዶክተር፣ ታዲያ ወፏስ?»

«ወፏን ይተዋት፣ እማማ።»

«እኔስ ልተዋት። እሷ ትተወኝ እንደሆነ እንጃ።»

ሳቁ ካበቃ በኋላ ስኳሩ ታደለ። በሪፖርቱም ላይ ሁለት መቶ አሥር ሰዎች በቂ ትምህርት እንዳገኙ ተጻፈ። ከሁለት መቶ አሥሩ ውስጥ በሕይወት ዘመኑ ራሱን በመርፌ ወግቶ የሚያውቅ አንድም አልነበረም።

ወርቅአየሁ ግን ቃሉን ይዛ ወጣች። የናቀችው አፍ ቢናገረውም እውነት መሆኑ ገብቷት ነበር። ሂርጳ፣ ቀጥሎ ነገሳ፣ ቀጥሎ ዳንኤል። ነገሳ መሐል ላይ ሆኖ እንዴት እንዳመለጠ እግዜር ይወቀው፤ ሁለተኛ ግን አያመልጥም። ጫፋቸው የዶለዶመ መርፌዎች ይወገዱ ተብለው ጣቢያው ውስጥ በአንድ ጣሳ ይጠራቀሙ ነበር። የዛገ ቢሆንም የመንግሥት ዝገት ነው፤ በዚያን ዘመን ለዝገትም ይታሰራል። ወርቅአየሁ ሁለቱን በቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታ ይዛ ወጣች። ቤቷ ድንጋይ ላይ ሳለቻቸው፣ ቀቀለቻቸው፣ የአንዱን አንገት በጥቁር ክር፣ የሌላውን በቀይ ክር አሠረች። ወንድሟን ለማዳን መስረቋ ቅንጣት አልከበዳትም። የከበዳት ለወንድሟ መወጊያ ይዛ ዳገት መውጣቷ ነው።

ሁለቱ የቪላው ደረጃ ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘቻቸው።

«ተነሱ!» አለች።

ሂርጳ ብድግ አለ። አሥር አለቃ ቢሆንም ወርቅአየሁን ይፈራል።

«ተዉት ብላችሁ እንደማትተዉት አውቃለሁ። ስለምናችሁ ስንት ዓመቴ! ልመናዬን ጨርሻለሁ። ሆስፒታል ሂዱ ስላችሁም አልሄዳችሁም። እንግዲህ ካልተወጋን ካላችሁ እንደ ሰው ሁኑ። ጥቁሩ ያንተ ነው ሂርጳ፣ ቀዩ የነገሳ። ዳንኤልን የገደለው ወፍ አይደለም፤ እናንተ ናችሁ፣ አንድ መርፌ እየተቀባበላችሁ። አንዱ የሌላውን ቢነካ በአባቴ አጥንት፣ ሁለታችሁንም በዚህ እጄ ነው የማንቃችሁ።»

«ገባኝ» አለ ሂርጳ፣ ቀጥ ብሎ።

«በየቀኑ ትቀቅላላችሁ።»

«ስንት ደቂቃ?»

«ሃያ። ሰዓት አላችሁ?»

ሁለቱም ወደ መሬት አዩ። ሰዓታቸውን ለምን እንደሸጡት መጠየቅ አያስፈልግም ነበር።

«ሬዲዮስ?»

ሬዲዮ ነበራቸው።

«እንግዲያው ዜናው ሲጀመር ጥዳችሁ ሲያልቅ ታወጣላችሁ። ያ ዜና ለመቀቀያ ካልሆነ ለምን ይጠቅማል።»

ሂርጳ ደንግጦ ወደ ባህር ዛፉ ዞሮ ዞሮ አየ። ነገሳ ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ የልጅነቱ ነው፤ ወርቅአየሁ እንዳታለቅስ ፊቷን አጠቆረች።

«ምን ያስቅሃል? እንደ ጤና ጣቢያው አድርጉ። አንተ ታውቀው የለ? ተማሪ ሳለህ ስንት ቀን አጠገቤ ቆመህ አይተሃል። ልክ እንደ እኛ፣ ከዚያ ዝንፍ እንዳትሉ!»

ዝንፍ አላሉም። ወርቅአየሁ ሳትጠራ ሳትናገር እየወጣች ትፈትሻቸው ነበር። ጥቁር ክሩ በአንድ ጣሳ፣ ቀይ ክሩ በሌላ ጣሳ፣ ድስቷ የጸዳች። ለመናቅ ምክንያት ፈልጋ አጣች፤ ይህም ትንሽ አናደዳት። ሂርጳ እንደነገራት ሲወጉ እንኳ ነገሳ እንደ ድሬሰሩ ድምፁን አጎርንኖ «መርፌ!» ይላል፤ ሂርጳም «አቤት ዶክተር!» ብሎ ያቀብላል። ጅሎች፣ አለች፤ ደስ ግን አላት። ከዚያ በኋላ በሠረቀብርሃን አጠገብ ስትቆም አንገቷ ቀና ብሎ ነበር። እሱ ሁለት መቶ አሥር ሰው አስተምሮ ማንንም አላዳነም። እሷ ያስተማረችው ሁለት ብቻ ሲሆን ሁለቱም በሕይወት አሉ። መስከረም ነጭ ነበር፣ ኅዳር ነጭ ነበር፣ ጥምቀትም ነጭ ሆኖ አለፈ።

የካቲት በገባ በሁለተኛው እሑድ ነገሳን ፀሐይ ፊት አቆመችው። ፀሐዩ ደህና ነበር። የዓይኑን ቆብ ወደ ታች ሳበች፣ ለቀቀች፣ እንደገና ሳበች።

«ምነው፣ እትዬ?»

«ሽንትህ ምን ይመስላል?»

«እንደ ሻይ ነው ሰሞኑን። ምግብም ያስጠላኛል። ምነው?»

ስድብ አልመጣላትም። ነገሳ ፊቷን አይቶ ገባው። መዝጊያውን ተደግፎ ቀስ ብሎ ቁጭ አለ።

«ሂርጳ ነው» አለ። «ቀዩን ነክቶብኛል። እሱ እኮ ታሞ ነበር። እኔ ሳልኖር ነው የነካብኝ። ሌላ ከየት ይመጣል?»

ሆስፒታል ወሰደችው፤ ይተኛ፣ ይረፍ፣ መጠጥም ዕፅም እንዳይነካ ብለው መለሱት። መድኃኒት የለውም አሏት። ሐኪሞቹን ናቀች፤ ከእነሱም አብልጣ ሂርጳን ናቀች። ነገሳ መደቡ ላይ ተኝቶ ወደ ግድግዳው ዞሮ የሚያስበው ስለ ሂርጳ ብቻ ነበር። ሂርጳ ሊጠይቀው ቢመጣ እንዳይገባ አለ። በግንባር ከጥይት መሐል ተሸክሞ ያወጣው ሂርጳ ነው፤ ነገሳ ሁልጊዜ ያንን ሲናገር ነው የኖረው። አሁን ስሙን ሲሰማ ወደ ግድግዳው ይተፋል።

ወርቅአየሁ በሳምንቱ ሰኞ ከሥራ እንደወጣች በቀጥታ ወደ ዳገቱ ሄደች። እየወጣች የምትለውን አዘጋጀች። ሌባ ትለዋለች፣ ነፍሰ ገዳይ ትለዋለች፣ አሥር አለቃነቱን ታስታውሰውና ትተፋበታለች። ሂርጳ ያው ደረጃ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ሲያያት እንደ ወትሮው አልተነሳም።

«አውቃለሁ ለምን እንደመጣሽ» አለ። «ሁለቴ ሄጄ ከደጃፍ መልሶኛል። ግቢና እይ። ከዚያ ትሰድቢኛለሽ።»

ገባች። ሁለቱ ጣሳዎች በየቦታቸው ነበሩ። ጥቁር ክሩ በዚህ፣ ቀይ ክሩ በዚያ። ሁለቱንም መርፌ አንስታ በብርሃን አየቻቸው። ንጹሕ ነበሩ፤ ጣቢያው ውስጥ እሷ ከምትቀቅላቸው ቢበልጡ እንጂ አያንሱም።

«ዜናው አንድ ቀን አልቀረብንም» አለ ሂርጳ ከበሩ ቆሞ። «ትልቅ ሰው ሞቶ በዜናው ፈንታ የቀብር ሙዚቃ ያሰሙ ዕለት እንኳ ሰዓት ሰው ጠይቀን ነው ሃያውን የሞላነው። ቀዩን ነክቼው ከሆነ ይህ እጄ ይቆረጥ። እኔ ያልኩት ምን መሰለሽ፣ ወይ ሲቀቀል ተሳስተን ይሆን? አንቺ ንገሪኝ። እንደ ጤና ጣቢያው ነው ያደረግነው።»

ወርቅአየሁ ለመመለስ አፏን ከፈተች። ዓይኗ መስኮቱ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ላይ አረፈ። ጨርቁን ፈታችው። አንድ የብርጭቆ ሲሪንጅ ነበር።

«ይሄ የማን ነው?»

«የጋራ ነዋ።»

«የጋራ?»

«መርፌው ይቀየራል፣ እሱ ያው ነው። እናንተስ ጋ ያው አይደል? እኔ ቀድሜ እወጋለሁ፣ ነገሳ መርፌውን ነቅሎ የሱን ይሰካል። በመጨረሻ እናጥበዋለን፣ እንቀቅለዋለን። ልክ እንደ እናንተ።»

ወርቅአየሁ ኩባያ ጠየቀች። ሂርጳ ነጭ ጣሳ ሰጣት። ውኃ ቀዳች።

«ዛሬ ተወግተሃል?»

ሂርጳ አቀረቀረ። «አዎ፣ ከምሳ በፊት። ገና አላጠብኩትም።»

ውኃውን በሲሪንጁ ሳበችና መልሳ ጣሳው ውስጥ ገፋችው። ፈዘዝ ያለ ሮዝ ሆነ።

ያን ቀለም አሥራ አንድ ዓመት ስታየው ኖራለች። በየቀኑ፣ ሰልፉ ሲያልቅ፣ በመስኮት ወደ ጤና አዳሙ ስትደፋው ኖራለች። አንድም ቀን ይህ የማን ደም ነው ብላ አልጠየቀችም። የሂርጳ ደም እዚያ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጦ ነገሳን ይጠብቀው ነበር፤ ነገሳም ንጹሕ መርፌውን፣ በቀይ ክር የታሠረውን፣ እህቱ ድንጋይ ላይ የሳለችለትን፣ ጫፉ ላይ ሰክቶ ይወጋው ነበር።

«ምነው?» አለ ሂርጳ። «ምን አየሽ?»

«ነገ ከሰዓት በኋላ ቤት ና» አለችው። ዳገቱን ወረደች።

በማግስቱ ማንም ሳይመጣ ጣቢያውን ከፈተች። ምድጃውን ከመለኮሷ በፊት ከምስማሩ ላይ ያንን ደብዳቤ አወረደችው። ስምንት ወር በእንፋሎት ተጠብሶ ጠርዙ ተጠቅልሏል። ጣቷን ከፊደሉ ሥር እያስኬደች፣ እንደ መሠረተ ትምህርት ተማሪ ድምፅ አውጥታ አነበበች። በሁለተኛው ገጽ፣ ከላይ አራተኛው መስመር ላይ አገኘችው። «መርፌውም ሆነ ሲሪንጁ ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ፣ ወይም በእያንዳንዱ ሰው መካከል የተቀቀለ ሊሆን ይገባል።» ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሠረቀብርሃን አንብቦ ለራሱ የሚመቸውን ግማሽ ወስዷል፤ ያ ከእሱ የሚጠበቅ ነው። እሷ ግን ከራሷ በላይ ተሰቅሎ ሳለ ማኅተሙን ንቃ አላነበበችውም። ዕድሜ ልኳን ሰው ስትንቅ ያን ዕለት የተሰማት ዓይነት ንቀት ተሰምቷት አያውቅም፤ ያውም ራሷን ነበር የናቀችው።

ሰልፉ እንደ ወትሮው ግቢውን ሞላ። የመጀመሪያው ሽማግሌ ተወግተው ወጡ። ቀጥላ ጠይባ የምትባል የጉርድ ሾላ ነጋዴ የሚያስላት ልጇን አቅፋ ገባች።

«መርፌ!» አለ ሠረቀብርሃን።

ወርቅአየሁ መርፌውን በማቀበል ፈንታ ሲሪንጁን ከእጁ ወሰደች።

«ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ?»

«ይቀቀል።»

«ምኑ?»

«ይሄ። በሰው በሰው መሐል ይቀቀላል። ደብዳቤው ይላል።»

ሠረቀብርሃን መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ደም ሥሩ ተገተረ። «ስልሳ ሰው ቆሞ! ሁለት ሲሪንጅ ይዤ! ለእያንዳንዱ ሃያ ሃያ ደቂቃ ላነድልሽ ነው? ወለል መወልወል ሰለቸሽና ሐኪም ሆንሽ?»

ወርቅአየሁ ነጩን ኩባያ አነሳች፣ ሲሪንጁን አጠበች፣ ኩባያውን ወደ ጠይባ አስጠጋች።

«እይው፣ እህቴ። ይህ ከአንቺ በፊት የገቡት አባት ደም ነው። ልጅሽ በዚህ ብርጭቆ ነበር የምትወጋው።»

ጠይባ ኩባያውን አየች፣ ሠረቀብርሃንን አየች፣ የልጇን ቀሚስ መልሳ ቁልቁል ሳበች። «እኔ እስኪቀቀል እጠብቃለሁ» አለች።

ቃሉ በሰልፉ ላይ ሮጠ። ኩባያውን አሳዩን ተባለ፤ ኩባያው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ገሚሱ ተራገመ፣ ገሚሱ ስንት ሥራ ትቼ መጥቼ ብሎ ወርቅአየሁን ሰደበ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲጥ ሲጥ የሚል ጫማ ተሰማ። ጓድ ተሾመ ኩባያውን ሩቅ ሆኖ አየው።

«ይህ ነገር ሪፖርት ውስጥ እንዳይገባ» አለ። «አንቺም ከነገ ጀምሮ እስክትጠሪ አትምጪ።»

«ዛሬስ?» አለች።

ተሾመ ያፈጠጠበትን ሕዝብ አየና፣ «ዛሬማ... ዛሬ የጣድሽውን ጨርሺ» አለ።

ጨረሰች። ያን ቀን ሁለቱን ሲሪንጅ እያፈራረቀች ስትቀቅል ላምባው እስኪያልቅ ድረስ የተወጋው ሰው ሃያ አይሞላም፤ የቀረው እያጉረመረመ ተበተነ። ድሮ ቢሆን ይህን ሁሉ ለነገሳ እየሳቀች ታወራው ነበር፤ ተሾመ ኩባያውን እንዴት እንዳየው፣ ሠረቀብርሃን እንዴት እንደተገተረ። የቀበናን ድልድይ ስታልፍ ግን የአንዳቸውም ፊት አልታያትም።

ሂርጳ እንዳለችው መጥቶ ደጃፉ አጠገብ ቆሟል፤ ኮፍያውን በእጁ ይዞ፣ ለመግባት አልደፈረም። በዓይኗ ቆይ አለችውና ብቻዋን ገባች። ነገሳ ትራሱን ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ እንደ እርድ ነው። ከንፈሩ ደርቋል።

«አመነልሽ?» አለ ገና ስታየው።

«ማን?»

«ሂርጳ ነዋ። ቀዩን እንደነካ።»

ወርቅአየሁ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልማዷ ነውና ስድብ ፈለገች፤ ማንን እንደምትሰድብ ግን አጣች። እግሩን በብርድ ልብሱ ላይ ያዘችው።

«ቀዩን ማንም አልነካብህም» አለች። «ሂርጳ ደጅ ቆሟል። ምንም አላደረገህም።»

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ? እንደ ጤና ጣቢያው ነው ያደረግነው። ዝንፍ አላልንም እኮ፣ እትዬ።»

«አላጠፋህም» አለች። «ያልኩህን ሁሉ አድርገሃል። ያሳመመህም ያው እኔ ያልኩህ ነው።»